ብርድ የሚወድ ዳቦ፦ የቸኮሌት ባብካ በቤታችን

ዳቦ ሲባል እጃችን የለመደው ሙቀት ነው። ሊጡ ተቦክቶ ይከደናል፣ ጋቢ ይደረብበታል፣ ምድጃ ጥግ ይቀመጣል። ኩፍ ሲል ኮባ የተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይገለበጣል። ባብካን መጀመሪያ የሞከርኩትም እንደዚሁ ነበር። ሊጡን በጋቢ ጠቅልዬ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስገልጠው ቅቤው ቀልጦ፣ ከሊጡ ወጥቶ፣ ሳህኑ ሥር ተኝቷል። እንደምንም ጠቅልዬ ጋገርኩት። የወጣው ቸኮሌት የተቀባ ጡብ ነው። ልጆቹ ግን በሉት። ልጆች ቸኮሌት ካለበት ጡብም ይበላሉ።

ጥፋቱ የሊጡ አልነበረም፣ የእኔ ልማድ ነው። ባብካ ቅቤ የበዛበት ሊጥ ነው። ቅቤ ደግሞ ከ30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ይህ ዳቦ የሚፈልገው ጋቢ ሳይሆን ፍሪጅ ነው። ከዚህ በታች «አቀዝቅዙት» እያልኩ ብደጋግምባችሁ አትፍረዱብኝ።

ለማያውቁት፣ ባብካ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ዳቦ ነው። በፖላንድና በዩክሬን የነበሩ እናቶች ለሰንበት ሐላ የሚባለውን ጉንጉን ዳቦ ይጋግራሉ። ከዚያ የተረፈውን ሊጥ ዳምጠው ማርማላታ ወይም ቀረፋ ያደርጉበትና ይጠቀልሉታል። ስሙም በአገሩ ቋንቋ ሴት አያትን ማቆላመጫ ነው። ቸኮሌቱ ቆይቶ የመጣ ነው፤ ስደተኞቹ አሜሪካ ከሰፈሩ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ክራንች ይሉታል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ በዚህኛው ስም ልታውቁት ትችላላችሁ። ቤተ እስራኤሎች ለሰንበት ከሚጋግሩት ዳቦ ጋር ግን ዝምድና የለውም። የእነሱ እንደ እኛው ድፎ ነው፤ ባብካ ወደ ኬክ ያደላል።

የሚያስፈልገው

ከዚህ የሚወጣው አንድ ረጅም ዳቦ ነው፤ ለስምንት ሰው ቡና ይበቃል። ሚዛን ካላችሁ ተጠቀሙ። የኩባያ ልክ ከቤት ቤት ይለያያል፣ እዚህ ላይ ደግሞ 30 ግራም ዱቄት ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ለሊጡ፦
ፉርኖ ዱቄት 280 ግራም
ስኳር 45 ግራም
ደረቅ እርሾ 5 ግራም (አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል)
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሞላ ብሎ
ወተት 100 ሚሊ ሊትር
ሁለት የሀበሻ እንቁላል፣ ወይም አንድ ትልቅ የፈረንጅ እንቁላልና አንድ አስኳል
የገበታ ቅቤ 70 ግራም፣ ለስለስ ያለ ግን ያልቀለጠ

ለውስጡ፦
ጥቁር ቸኮሌት 80 ግራም
የገበታ ቅቤ 55 ግራም
የተፈጨ ስኳር 35 ግራም
የካካዎ ዱቄት 20 ግራም
ቆንጠር ተደርጎ ጨው

ለሽሮፑ፦
ስኳር 60 ግራምና ውሃ 60 ሚሊ ሊትር

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ልበል። የሀበሻ ቅቤ ለዚህ አይሆንም። ለጋውም መዓዛው ቸኮሌቱን ይጫነዋል፤ ንጥሩ ደግሞ ኮረሪማና ኮሰረት ጠጥቶ የመጣ ነው። እሱን ለክትፎ አስቀምጡት። የእንጀራ እርሾም አይሆንም፤ ሊጡን ያኮመጥጠዋል። ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ እርሾ ይሁን፣ ጊዜው ያላለፈበት።

ቸኮሌቱን በተመለከተ፣ የካካዎ መጠኑ ከ50 እስከ 60 በመቶ የሆነ ጥሩ ነው። በማሰሮ የሚሸጠው የሚቀባው ቸኮሌትም ይሠራል። ግን ጣፋጭነቱ ይበዛል፣ በሙቀት ደግሞ ይፈሳል። እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ለውሱበት፣ ስኳሩን ተዉት።

ሰዓቱን እንዲህ ያዙት

ባብካ ሥራው ብዙ አይደለም፤ የሚበዛው ጥበቃው ነው። እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከቡና ጋር እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ አቡኩ። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዳምጣችሁ፣ ቀብታችሁ፣ ጠቅልሉት። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ኩፍ ይላል። 5 ሰዓት አለፍ ሲል ከኦቨን ይወጣል። ከዚያ አንድ ሰዓት ይቀዘቅዛል፣ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይቆረሳል።

ማቡካት

ወተቱ የላም ጥሬ ወተት ከሆነ አስቀድማችሁ አፍሉትና አቀዝቅዙት። እርሾውን ስትጨምሩ ወተቱ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ጣታችሁን ስትነክሩበት «ሞቀ» ካላችሁ በዝቷል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞታል። ለብ ያለው ወተት ላይ እርሾውንና አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ካላወጣ ዱቄቱን አታባክኑ፤ ሌላ እርሾ ግዙ።

አሁን ዱቄቱን፣ የቀረውን ስኳርና ጨውን በጎድጓዳ ሳህን ቀላቅሉ። እንቁላሉንና የወተቱን ድብልቅ ጨምሩና ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ አማስሉ። ቅቤውን ገና አትንኩት። ከድናችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ፈሳሹን ይጠጣል፤ በኋላ እጃችሁን ከግማሽ ድካም ያድነዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደረቅ ከሆነባችሁ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ደጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ዱቄታችንም ይደርቃል፤ እኔ ብዙ ጊዜ እጨምራለሁ።

ቀጥሎ ማሸት ነው። 10 ደቂቃ ያህል፣ በመዳፋችሁ እየገፋችሁ፣ እያጠፋችሁ። ሊጡ ሲለሰልስና ሲሳብ ቅቤውን በትንንሹ መጨመር ትጀምራላችሁ። አንዱ ቁራጭ ሳይገባ ሌላው አይጨመር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ሊጡ ይበጣጠሳል፣ ይንሸራተታል፣ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም። እጃችሁ ግን ወደ ዱቄቱ ከረጢት መሄድ ይፈልጋል። አትፍቀዱለት! አንዴ ዱቄት ከጨመራችሁ ዳቦው ደረቅ ይሆናል፣ ሌላ ማስተካከያም የለውም። ሌላ 10 ደቂቃ ብታሹት ይሰበሰባል። ቅቤው መጨረሻ ላይ የሚገባበት ምክንያት ይሄ ነው፤ ቅባት ዱቄቱን ቀድሞ ከሸፈነው ሊጡን የሚያያይዘው ጅማት አይሠራም። መጀመሪያ ጅማቱ ይሠራ፣ ቅቤው በኋላ ይግባ።

መብቃቱን ለማወቅ ትንሽ ቁራሽ ወስዳችሁ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳይ ከሳሳ ደርሷል። በእኛ ፉርኖ ዱቄት አንዳንዴ እስከዚያ ድረስ አይሄድም። ከተቃረበ ይበቃል።

ከድናችሁ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት። ያለ ጋቢ። ትንሽ ከፍ ሲል ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በላስቲክ ሸፍኑትና ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ከ8 እስከ 16 ሰዓት። ስኳርና ቅቤ እርሾን ስለሚያዘገዩት በእጥፍ ካላደገ አትደንግጡ። ሌሊቱ ሁለት ነገር ይሠራል። ጣዕሙ ይበስላል፤ ቅቤው ደግሞ ይጠጥርና ጠዋት ሊጡ እንደ ጨርቅ ይዘረጋል።

የውስጡ ቸኮሌት

ይሄን ማታውኑ ብትሠሩት ጥሩ ነው። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ አፍሉ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ላዩ ላይ ቸኮሌትና ቅቤ የያዘ ሳህን አስቀምጡ። ሳህኑ ውሃውን አይንካ። ውሃም አይግባበት፤ ጠብታ ውሃ ቸኮሌቱን እንደ አሸዋ ያሻክረዋል። ቀልጦ ሲዋሃድ አውርዱት። ስኳሩን፣ ካካዎውንና ጨውን ጨምራችሁ አማስሉ።

እኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በጣም የላመ ቡና እጨምርበታለሁ። ቡናው ራሱ ጎልቶ አይሰማም፤ ቸኮሌቱን ግን ያጎላዋል። ኮረሪማ የሚጨምርም አውቃለሁ። ለእኔ ትንሽ ይበዛብኛል፣ እናንተ ሞክሩት።

የምትቀቡት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። የለውዝ ቅቤ ያህል ይወፍር። ትኩሱን ብትቀቡት የሊጡን ቅቤ ያቀልጠዋል፣ ስትጠቀልሉት ደግሞ በጎን ይወጣል። ፍሪጅ አድሮ ከደረቀባችሁ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

መዳመጥ፣ መጠቅለል፣ መሰንጠቅ

ጠረጴዛውን ስስ አድርጋችሁ ዱቄት ነስንሱበት። ሊጡን ከፍሪጅ እንደወጣ ዳምጡት፣ እስኪሞቅ አትጠብቁ። ከመሃል ወደ ዳር እየገፋችሁ 40 በ28 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ዘርጉት። እየተሰበሰበ ካስቸገረ 5 ደቂቃ ተዉት፤ ይለግማል እንጂ አይሸነፍም ማለት አይደለም። መለጠፍ ከጀመረ ቅቤው ሞቋል ማለት ነው። ከነጠረጴዛ ጨርቁም ቢሆን 10 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ።

ቸኮሌቱን ቀቡት። በአንዱ አጭር ጎን ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ከሌላኛው አጭር ጎን ጀምራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ባዶ የተውትን ጫፍ በጣታችሁ ውሃ አስነኩትና ይለጠፍ። አሁን 28 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥቅልል አላችሁ። በወረቀት ጠቅልላችሁ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ይችን 20 ደቂቃ የሚዘል ሰው ቀጣዩ ላይ ይቆጨዋል።

በደንብ የተሳለ ቢላ ያዙ። ጥቅልሉን ከአናት እስከ እግሩ ቁመቱን ለሁለት ሰንጥቁት። እንደ መጋዝ አትጎትቱ፤ ወደ ታች ጫን እያላችሁ ቁረጡ። የተቆረጠው ፊት፣ መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው፣ ወደ ላይ ይሁን። የሁለቱን ጫፍ አጣብቁና አንዱን በአንዱ ላይ እያሻገራችሁ እንደ ገመድ ጠምዝዟቸው። የታችኛውንም ጫፍ አጣብቁ።

ቸኮሌት እጃችሁን ይቀባል፣ የሆነ ቦታ ይቀደዳል። ግድ የለም። ሲጋገር የሚያምረው ያ የተዝረከረከው ነው። እኔ ከጋገርኳቸው ሁሉ ቆንጆ የሆነው መሃሉ ላይ ተበጥሶብኝ በጣቴ የለጠፍኩት ነው።

23 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ረጅም የኬክ ፎርማ ወረቀት አንጥፋችሁ ገመዱን ግጠሙበት። ረጅም ከሌላችሁ ክብ ፎርማ ይሆናል። ገመዱን እንደ ቀንድ አውጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። እንዲህ ሲሆን ስለሚሳሳ ቶሎ ይበስላል፤ 25 ደቂቃ ላይ ማየት ጀምሩ።

ሁለተኛው ኩፍታ

በላስቲክ ልል አድርጋችሁ ሸፍኑት። ቤታችሁ 22 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በክረምት ከዚያም ይበልጣል። በእጥፍ አይጠብቁት፤ አንድ ተኩል ያህል ማደጉ በቂ ነው። በጣት ጫፍ ነካ ስታደርጉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ይግባ። ቶሎ ከተመለሰ ገና ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ኦቨን ውስጥ ክተቱት።

ደጋ የምንኖር አንድ ነገር እንወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ ከዚያም ቶሎ ይሰምጣል። ስለዚህ እዚህ እርሾውን ወደ 4 ግራም ዝቅ አደርገዋለሁ። ድሬዳዋ፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ላላችሁ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ ቤቱ ራሱ ምድጃ ነው። ወተቱን ለእርሾው ከሚበቃው በስተቀር ቀዝቃዛውን ተጠቀሙ። የመጀመሪያውን የአንድ ሰዓት ጥበቃ ወደ 20 ደቂቃ አሳጥሩት። ሁለተኛውን ኩፍታ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ አድርጉት።

መጋገር

ኦቨኑን ከ20 ደቂቃ በፊት 180 ዲግሪ ላይ አሙቁት። ማራገቢያ ያለው ከሆነ 165 ይበቃል። ፎርማውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ከሥር ብቻ የሚያነድ የጋዝ ኦቨን ከሆነ ከታች ሌላ ባዶ ላቲ አስገቡበት፤ አለዚያ ሥሩ ያርራል፣ አናቱ ይገረጣል።

ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። 20 ደቂቃ ላይ እዩት። አናቱ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

የባብካ ትልቁ ችግር ጥሬ መቅረት ነው። ቸኮሌቱ ስለሚያጠቁረው የበሰለ ይመስላል። ስቴኪኒ ስትሰኩበት ደግሞ ሁልጊዜ ቸኮሌት ይዞ ስለሚወጣ ያሳስታል። ማየት ያለባችሁ ቸኮሌቱን ሳይሆን የሚያጣብቅ ነጭ ሊጥ መኖሩን ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ሰክታችሁ ፈትኑ። ቴርሞ ሜትር ካላችሁ መሃሉ 88 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት። የውጭ አገር መመሪያዎች 93 እና ከዚያ በላይ የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ውሃ ራሱ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። 93ን የጠበቀ ሰው ከሰል ነው የሚያወጣው።

መብራት ቢጠፋስ? ሊጡ ገና ካልገባ ፍሪጅ ውስጥ መልሱት፤ ፍሪጁ ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። እየተጋገረ ሳለ ከጠፋ ግን በሩን እንዳትከፍቱ። እኔ አንዴ 15 ደቂቃ ሲቀረው ጠፍቶብኝ ሳልነካው ቁጭ አልኩ። ኦቨኑ ሙቀቱን ይዞ አቆየው። መብራቱ ከ25 ደቂቃ በኋላ ሲመጣ 5 ደቂቃ ጨምሬ አወጣሁት። ትንሽ አነስ ያለ ነበር እንጂ ማንም አላወቀብኝም።

ሽሮፑ

ዳቦው ኦቨን ውስጥ እያለ ስኳርና ውሃውን አፍሉ፤ ስኳሩ ሟሙቶ ሁለት ደቂቃ ከፈላ ይበቃል። ባብካው እንደወጣ፣ ገና እየፋመ፣ ሽሮፑን በብሩሽ ቀቡት። ብሩሽ ከሌለ በማንኪያ አፍስሱ። ሁሉንም። «በዛ» ትላላችሁ፣ አልበዛም። ስኳሩ ውሃውን ይዞ ስለሚያቆየው ዳቦው ለሦስት ቀን አይደርቅም፤ ላዩም ያብረቀርቃል። ሽሮፑን የምትቀንሱ ከሆነ የውስጡን ስኳር ብትቀንሱ ይሻላል።

ፎርማው ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አውጥታችሁ ሽቦ ላይ አስቀምጡት። ለመቁረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ቤቱ ሽታው ሲሞላ ከባድ ፈተና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትኩሱን ብትቆርሱት ግን ቸኮሌቱ ይፈሳል፣ ሊጡም ቢላው ላይ ይጣበቃል።

ለጾም

አይሁዶች ሥጋና ወተት አብረው ስለማይበሉ፣ ባብካን ያለ ቅቤና ያለ ወተት፣ በዘይት ወይም በማርጋሪን መጋገር ከጥንትም የነበረ ነው። እኛ እንቁላሉንም ማውጣት ብቻ ይቀረናል።

ወተትና እንቁላሉን በ150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ቅቤውን በ50 ሚሊ ሊትር ዘይት ተኩ። ዘይቱም የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ለውስጡ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር አቅልጡ፤ ካካዎውና ስኳሩ ያው ነው። ግን ማሸጊያውን አንብቡ፣ ጥቁር ተብሎ ወተት ያለበት ሞልቷል። ዘይት ፍሪጅ ውስጥ እንደ ቅቤ አይጠጥርም። ስለዚህ ይሄኛው ሊጥ ሲሰነጠቅ ለስለስ ይላል፣ ገመዱም ይዝላል። ጥቅልሉን 20 ደቂቃ ሳይሆን 40 ደቂቃ አቀዝቅዙት።

የተረፈውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍሪጅ ውጪ አስቀምጡ። የተጋገረ ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሄን ያህል ብርድ ከወደደ በኋላ ሲበስል ጠባዩ ይለወጣል። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ቆራርሳችሁ በረዶ ቤት አስገቡት። የደረቀችውን ቁራጭ ደግሞ ምጣድ ላይ በትንሽ ቅቤ አሙቋት፣ ቸኮሌቱ መልሶ እስኪለሰልስ።